ሲጠሩት አቤት፤ ሲልኩት ወዴት

በፋብሪካ ውስጥ አዛዥና ታዛዥ መሣሪያዎች ስለሚነጋገሩበት ሥርዓት

(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚናገረው ብዙ፤ የሚሰማው ግን አንድም አይሆንም። ስለዚህ ለስብሰባ ሰብሳቢ ይሾምለታል፤ ሰብሳቢው ስም እየጠራ ተራ ይሰጣል፤ የተጠራው ይናገራል፤ ያልተጠራው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ይህ ሥርዓት በሰው ዘንድ እጅግ የቆየ ነው። በውሃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያና በታላላቅ ሕንፃዎች ምድር ቤት የሚገኙ ብዙ መሣሪያዎችም በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰብስበው የሚነጋገሩት በዚሁ ሥርዓት መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ይህ ነገር የመሐንዲስ እንጂ የጽሕፈት ቤት ሰው ጉዳይ አይደለም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የውሃ ፓምፕ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ወይም የማሞቂያ መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ የጨረታውን ሰነድ የሚያዘጋጀው፣ ውሉን የሚመረምረውና ገንዘቡ እንዲከፈል የሚፈርመው የጽሕፈት ቤት ሰው ነው። መሣሪያው የማንን ቃል እንደሚሰማ፣ አዛዡም ድንገት ዝም ቢል ምን እንደሚያደርግ ሳይጠየቅ የተፈረመ ውል የኋላ ኋላ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ወደ መጨረሻው ላይ በእውነተኛ ታሪክ እናሳያለን። እስከዚያው ድረስ የንግግሩን ሥርዓት ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። በመሐንዲሶች መጻሕፍት ውስጥ ተራ የሚሰጠው መሣሪያ «ጌታ»፣ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ «ባሪያ» እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲጠራ ኖሯል። ባርነት ግን በብዙ አገር፣ በእኛም አገር በ1942 በሕግ እስኪሻር ድረስ፣ የሰውን ልጅ ሲያዋርድ የኖረ ነገር ስለ ሆነ ቃሉን ለብረትና ለሽቦ መስጠት ብዙ ሰዎችን ቅር አሰኝቷል። ስለዚህም ከዚህ በታች የምንናገርለትን ሥርዓት የሚጠብቀው የሞድበስ ድርጅት በ2020 ሁለቱን ቃላት ትቶ ጠያቂውን «ደንበኛ»፣ መላሹንም «አገልጋይ» ብሎ ሰይሟል። እኛ ግን በአማርኛ ለነገሩ ይበልጥ የሚስማማውን «አዛዥ» እና «ታዛዥ» የሚለውን ጥንድ እንጠቀማለን። ዓመታቱንም ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቀደም ባለው ጊዜ እያንዳንዱ መለኪያ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ጋር የሚገናኘው በየራሱ ጥንድ ሽቦ ነበር። መለኪያው የሚናገረው በሽቦው ውስጥ በሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ 4 ሚሊ አምፔር ዝቅተኛውን፣ 20 ሚሊ አምፔር ከፍተኛውን ልክ ያመለክታል። ለምሳሌ ቁመቱ 10 ሜትር በሆነ የውሃ ጋን ላይ 12 ሚሊ አምፔር ቢነበብ ውሃው 5 ሜትር ደርሷል ማለት ነው። ልኩ ከዜሮ ሳይሆን ከ4 እንዲጀምር የተደረገውም በብልሃት ነው፤ በሽቦው ውስጥ ምንም ኤሌክትሪክ ባይገኝ ጋኑ ባዶ በመሆኑ ሳይሆን ሽቦው በመቆረጡ ወይም መለኪያው በመበላሸቱ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል። ይህ ዘዴ ዛሬም በብዙ ስፍራ ይሠራበታል። ጉድለቱ ግን አንድ ጥንድ ሽቦ አንድ ነገር ብቻ መናገሩ ነው። መቶ መለኪያ ያለው ፋብሪካ መቶ ጥንድ ሽቦ መዘርጋት አለበት፤ የሽቦው ዋጋ፣ የሚተኛበት ቦይና የሚያገናኘው ሰው ጉልበት ከመለኪያዎቹ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

በ1968 የአሜሪካው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የማርሽ ሳጥን የሚሠራው ክፍሉ፣ ሪሌ በሚባሉ የኤሌክትሪክ መዝጊያና መክፈቻዎች የታጨቁትን ቁም ሳጥኖች የሚተካ መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ። ሪቻርድ ሞርሊ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ 084 የተባለውን ተቆጣጣሪ መሣሪያ ሠሩ፤ ቁጥሩ የድርጅታቸው 84ኛ ሥራ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ሥራውን ለማካሄድ ያቋቋሙትም ኩባንያ ሞዲኮን ተባለ። ይኸው ኩባንያ በ1979 ተቆጣጣሪዎቹ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገሩበትን ሥርዓት «ሞድበስ» ብሎ አወጣ። ደንቡ በይፋ የታተመና ማንም ፋብሪካ ሳይከፍል ሊሠራበት የሚችል ስለ ሆነ ከአገር አገር ተስፋፋ። እንዲህ ያለውን በሥራው ሜዳ ላይ የተበተኑ መሣሪያዎች የሚገናኙበትን የጋራ መስመር ባለሙያዎች ፊልድበስ ይሉታል። የፊልድበስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሞድበስ ግን ከሁሉ ይልቅ ቀላልና ግልጽ በመሆኑ ለትምህርታችን እርሱን መርጠናል።

እንግዲህ ከሽቦው እንጀምር። ሞድበስ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው አር.ኤስ. 485 በተባለው፣ ደንቡ በ1983 በወጣው መስመር ላይ ነው። ይህም እርስ በርሳቸው የተገመዱ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ተቀባዩ የሚያነበው የአንዱን ሽቦ ኃይል ለብቻው ሳይሆን የሁለቱን ልዩነት ነው። ምክንያቱን በምሳሌ እንግለጸው። ሁለት ሰዎች በአንዲት ታንኳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ ማዕበል ቢመጣ ሁለቱንም እኩል ያነሣቸዋል፤ እኩልም ያወርዳቸዋል፤ በቁመት የሚበላለጡበት ልክ ግን አይለወጥም። በፋብሪካ ውስጥም ትልልቅ ሞተሮች ሲነሡ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ሁከት ሁለቱን የተገመዱ ሽቦዎች እኩል ስለሚነካ ልዩነታቸው እንዳለ ይቆያል፤ መልእክቱም ይተርፋል። በዚህ ዘዴ አንድ መስመር እስከ 1200 ሜትር ሊዘረጋ፣ 32 ያህል መሣሪያዎችንም ያለ ተጨማሪ ማጉያ ሊያገናኝ ይችላል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም የሆነ መቋቋሚያ ይታሰራል፤ ይህ ባይደረግ መልእክቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለስና ተከትሎት የሚመጣውን ቃል ያበላሻል።

በዚህ መስመር ላይ አዛዡ አንድ ብቻ ነው። ታዛዦቹ ከ1 እስከ 247 ከሚደርሱት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ የራሳቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል። አዛዡ ግን ቁጥር የለውም፤ ማንም እርሱን አይጠራውምና አያስፈልገውም። ታላቁም ደንብ ይህ ነው፦ ታዛዥ ሳይጠራ አይናገርም፤ ታዛዥም ከታዛዥ ጋር አይነጋገርም። የውሃው ልክ መለኪያ ለፓምፑ «ጋኑ ሞልቷልና አቁም» ሊለው ቢፈልግ እንኳ ሊናገረው አይችልም። አዛዡ መለኪያውን ጠይቆ፣ መልሱን መርምሮ፣ ፓምፑን ራሱ ማዘዝ አለበት። ሥራውን ሁሉ የሚያስበው አንድ ራስ ነው ማለት ነው።

አዛዡ የሚልከው መልእክት እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የታወቀ ቅርጽ አለው። በመጀመሪያ የተቀባዩ ቁጥር ይመጣል። ቀጥሎ የሥራው ዓይነት በቁጥር ይገለጻል። ሦስተኛ የጉዳዩ ዝርዝር ይጻፋል። በመጨረሻም የመፈተሻ ቁጥር ይታከላል። መልእክቱ በመስመሩ ላይ ሲያልፍ ታዛዦች ሁሉ ይሰሙታል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተቀባዩን ቁጥር ተመልክቶ የራሱ ካልሆነ ይተወዋል። ደብዳቤው የት እንደሚያበቃ የሚታወቀውም በዝምታ ነው፤ ሦስት ተኩል ፊደል ለመላክ የሚበቃ ጊዜ መስመሩ ጸጥ ካለ መልእክቱ አብቅቷል ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ዝምታ እንደ አራት ነጥብ ያገለግላል።

የመፈተሻው ቁጥር ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል። ገንዘብ ያዥ በሂሳብ ወረቀቱ ግርጌ ድምር ጽፎ ሲልክ ተቀባዩ ራሱ ደምሮ እንደሚያመሳክረው ሁሉ፣ ላኪው መሣሪያም በመልእክቱ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ በታወቀ ስሌት አንድ ቁጥር አውጥቶ በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ተቀባዩም ያንኑ ስሌት ደግሞ ይሠራል። ሁለቱ ካልተስማሙ መልእክቱ በመንገድ ተበላሽቷል። በዚህ ጊዜ ታዛዡ «አልሰማሁም» ብሎ አይመልስም፤ ዝም ይላል። ምክንያቱም በተበላሸ መልእክት ውስጥ የተቀባዩ ቁጥር ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ የተጠራው እርሱ መሆኑን ያላረጋገጠ ደግሞ አፉን ሊከፍት አይገባውም። አዛዡ የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ መልስ ካላገኘም ጥያቄውን ይደግማል።

በአገራችን ለመልካም ታዛዥ «ሲጠሩት አቤት፤ ሲልኩት ወዴት» ይባላል። የሞድበስ ሥራዎች ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ታዛዥ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥባቸው ሣጥኖች አሉ፤ እነርሱንም መዝገብ እንበላቸው። አንድ መዝገብ ከ0 እስከ 65535 የሚደርስ ቁጥር ይይዛል። አዛዡ መዝገቡን አንብብልኝ ሲል ያ «አቤት» የሚባልበት ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ይህን ጻፍ ሲል ደግሞ «ወዴት» የሚባልበት ነው።

በምሳሌ እንየው። የጋኑ መለኪያ ቁጥሩ 17 ነው እንበል። አዛዡ «17፤ ሥራ 3፤ ከመጀመሪያው መዝገብ ጀምረህ አንድ መዝገብ አንብብ» ይላል፤ 3 ቁጥር በሞድበስ መዝገብ ማንበብ ማለት ነውና። መለኪያው «17፤ ሥራ 3፤ 412» ብሎ ይመልሳል። አዛዡም ይህን ቁጥር 4 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ብሎ ይረዳዋል። ቀጥሎ ቁጥሩ 5 የሆነውን የፓምፑን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ይጠራና «5፤ ሥራ 6፤ በዚህ መዝገብ 450 ጻፍ» ይላል፤ 6 ቁጥር በአንድ መዝገብ መጻፍ ነው። መቆጣጠሪያውም ትእዛዙን ቃል በቃል ደግሞ ይመልሳል። ይህ መድገም ግን ትእዛዙ መሰማቱን እንጂ ፓምፑ በእርግጥ መዞሩን አያረጋግጥም። በመሥሪያ ቤታችንም «ደብዳቤው ደርሶናል» ማለት «ጉዳዩ ተፈጽሟል» ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ጠንቃቃ አዛዥ ካዘዘ በኋላ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ውሃውም በቧንቧው ውስጥ እየፈሰሰ መሆኑን ከሌላ መለኪያ ያነባል።

ታዛዡ ትእዛዙን በትክክል ሰምቶ ሊፈጽመው የማይችል ቢሆን ዝም አይልም። የሥራውን ቁጥር በ128 ከፍ አድርጎ ይመልሳል፤ 3 የነበረው 131 ይሆናል ማለት ነው፤ ከዚያም ምክንያቱን በቁጥር ይጨምራል። 1 ከሆነ እንዲህ ያለ ሥራ አላውቅም፤ 2 ከሆነ እንዲህ ያለ መዝገብ የለኝም፤ 3 ከሆነ የሰጠኸኝ ቁጥር አይሆንም፤ 4 ከሆነ ሥራውን ስጀምር ብልሽት አጋጥሞኛል ማለት ነው። እንግዲህ ዝምታና እምቢታ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ በሉ። እምቢታ የታዛዡን በሕይወት መኖር ያሳያል፤ ዝምታ ግን ሞቷል ወይስ አልሰማም የሚል ጥርጣሬ ያተርፋል። አዛዡ ለሁሉም አንድ ትእዛዝ ማስተላለፍ ቢፈልግ 0 ቁጥርን ይጠራል፤ ይህም እንደ ሰርኩላር ደብዳቤ ለሁሉ የሚደርስ ነው። ለዚህ ግን ማንም አይመልስም፤ ሁሉም ቢመልሱ በአዳራሹ የተፈራው ጫጫታ ይነሣልና።

አሁን ጊዜውን እናስላ። በሴኮንድ 9600 ቢት በሚያስኬድ መስመር ላይ ከላይ ያየነው ጥያቄ 8 ባይት ስለ ሆነ 9 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ሚሊ ሴኮንድ ማለት የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ነው። መልሱ 7 ባይት ሆኖ 8 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። በመካከል ያሉት ሁለት ዝምታዎች በድምሩ 8 ሚሊ ሴኮንድ ናቸው። ታዛዡ ለማሰብ 5 ሚሊ ሴኮንድ ቢፈልግ አንድ ጥያቄና መልስ በ30 ሚሊ ሴኮንድ ይጠናቀቃል። ስለዚህ አዛዡ 30 ታዛዦችን በየተራ ጠይቆ ለመጨረስ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ለውሃ ጋን ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ጋን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አይሞላምና።

ነገር ግን ከሠላሳው አንዱ ሞተ እንበል። አዛዡ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ቢሆንና ሦስት ጊዜ ቢሞክር፣ ለሞተው ብቻ 3 ሴኮንድ ያጠፋል። በሕይወት ያሉት 29ኙ በአንድነት አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ያልቁ የነበረው ዙር ወደ 4 ሴኮንድ ይጠጋል። እንግዲህ አንድ የተበላሸ መሣሪያ ራሱ ብቻ ቢበላሽም የሁሉንም ተራ ያዘገያል። «ፋብሪካው ሁሉ ዘገምተኛ ሆነ» የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ልምድ ያለው ባለሙያ አስቀድሞ የማይመልሰውን አንዱን የሚፈልገው ስለዚህ ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። ታዛዥ ሳይጠራ አይናገርም ብለናል። በአጠገቡ እሳት ቢነሣ እንኳ ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ በተራው መስመር ላይ ብቻ ሊታመን አይገባም፤ በተለየ ሽቦ ወይም ለደኅንነት ተብሎ በተዘጋጀ ሌላ ሥርዓት ይገናኛል። እንደዚሁም አዛዡ ራሱ የሞተ እንደ ሆነ ታዛዦቹ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ይቀራሉ። ፓምፑ «ዙር» ተብሎ ከነበረ «አቁም» የሚለው ስለሌለ ጋኑ ሞልቶ እስኪፈስ ይዞራል። ይህን ለመከላከል በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የአዛዡ ድምፅ ካልተሰማ መሣሪያው በራሱ እንዲቆም የሚያደርግ ሰዓት አለ። ነገር ግን ሰዓቱን አንድ ሰው አስቦ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ሳይስተካከል የተወ እንደ ሆነ አለ ማለት አይቻልም።

ሁለት ታዛዦች በስሕተት አንድ ቁጥር ቢሰጣቸው ደግሞ ሲጠሩ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ ድምፃቸው ይደባለቃል፤ የመፈተሻው ቁጥር አይስማማም፤ አዛዡም ሁለቱም የሞቱ ይመስለዋል። ደግሞም በመስመሩ ላይ የሚሄደው ቁጥር መለኪያው ምን እንደ ሆነ አብሮ አይናገርም። 412 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ሊትር ይሁን፣ የሙቀት መጠን ይሁን ከቁጥሩ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሠሪው ከሚሰጠው የመዝገብ ዝርዝር ነው። በዚህ ላይ በብዙ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንደኛ የተባለው መዝገብ በመስመሩ ላይ የሚጠራው 0 ተብሎ ስለ ሆነ፣ ይህን ያላስተዋለ ሰው የጎረቤቱን መዝገብ ያነባል። የሚያነበው ቁጥር ትክክለኛ ይመስላል፤ ግን የሌላ ነገር ልክ ነው። የመዝገብ ዝርዝር ሳይኖረው የተረከቡት መሣሪያ አርእስት እንደሌለው የሂሳብ ሠንጠረዥ ነው።

አንድ አዛዥ ብቻ እንዲኖር የሚለው ደንብ የሁሉም ፊልድበስ ደንብ አይደለም። በ1987 በጀርመን አገር በተጀመረው ፕሮፊበስ በተባለው ሥርዓት ብዙ አዛዦች በአንድ መስመር ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን የመናገር ፈቃድ ከአንዱ ወደ ሌላው በዙር ይተላለፋል፤ ፈቃዱን የያዘው ብቻ ታዛዦችን ይጠራል። የጀርመኑ የቦሽ ኩባንያ በ1986 ይፋ ያደረገው ካን የተባለው የተሽከርካሪ መስመር ደግሞ አዛዥ የለውም፤ ማንም መስመሩ ጸጥ ሲል ሊናገር ይችላል፤ ሁለት አብረው ቢጀምሩ የመልእክቱ ቁጥር ያነሰው ይቀጥላል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አስቸኳዩን ጉዳይ ትንሽ ቁጥር በመስጠት ያስቀድሙታል። መንገዱ ልዩ ልዩ ቢሆንም የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በአንድ ሽቦ ላይ ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ይናገር የሚል ነው።

ከሁሉ የከበደውን ነገር ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ከላይ የገለጽነውን የሞድበስ ደብዳቤ መለስ ብላችሁ ብታዩት የተቀባይ ቁጥር አለው፤ የላኪ ፊርማ ግን የለውም። ማኅተምም፣ የይለፍ ቃልም የለውም። ታዛዡ የሚጠይቀው «ተጠርቻለሁን?» ብሎ እንጂ «የጠራኝ ማን ነው?» ብሎ አይደለም። በ1979 ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር፤ መስመሩ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተወስኖ የሚቀር ስለ ሆነ በሽቦው ላይ ለመናገር በሩን ማለፍና ሽቦውን በእጅ መንካት ያስፈልግ ነበር። በኋላ ግን ይኸው ንግግር በኮምፒዩተር መረብ ላይ እንዲጓዝ ተደረገ፤ መረቡም ከዓለም መረብ ጋር በብዙ ቦታ ተገናኘ። በሩ ተከፈተ፤ ታዛዡ ግን እንደ ድሮው ለጠራው ሁሉ አቤት ማለቱን ቀጠለ።

ይህ ምን እንዳስከተለ በዩክሬን አገር በልቪቭ ከተማ ታይቷል። በጥር 2024፣ ብርዱ ከዜሮ በታች በሆነበት ጊዜ፣ ጠላቶች ለመኖሪያ ሕንፃዎች ሙቀት በሚያከፋፍለው ድርጅት ላይ በኮምፒዩተር መረቡ በኩል ጥቃት አደረሱ። ድራጎስ የተባለው የመረብ ደኅንነት ኩባንያ በዚያው ዓመት በሐምሌ እንዳስታወቀው፣ ሰርጎ ገቦቹ ለማሞቂያው ተቆጣጣሪ መሣሪያዎች በሞድበስ ቋንቋ ትእዛዝ ላኩ፤ መሣሪያዎቹም የተሳሳተ ልክ ማሳየት ጀመሩ፤ ሥራቸውም ተዛባ። ከ600 የሚበልጡ የመኖሪያ ሕንፃዎች ለሁለት ቀን ያህል ሙቀት አጡ። ልብ በሉ፤ መሣሪያዎቹ ደንቡን አላፈረሱም። ሲጠሯቸው አቤት አሉ፤ ሲልኳቸውም ወዴት አሉ። የከተማው ሕዝብ በብርድ የተቀጣው ታዛዦቹ እምቢተኛ ሆነው ሳይሆን ያለ መጠን ታማኝ ሆነው ነው።

መድኃኒቱ የለም ማለት አይደለም። የሞድበስ ድርጅት በ2018 ላኪው ማንነቱን በምስክር ወረቀት እንዲያስመሰክርና ንግግሩም በምስጢር እንዲታተም የሚያደርግ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ስለ ሆነ፣ አሮጌው ታዛዥ አዲሱን ደንብ አያውቀውም። ለእርሱ የሚሆነው ጥበቃ የመሣሪያዎቹን መስመር ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተሮችና ከዓለም መረብ መለየት፣ መገናኘት ግድ በሆነበትም ስፍራ የሚያልፈውን ሁሉ የሚፈትሽ በረኛ ማቆም፣ የመሣሪያውን ቁም ሳጥን መቆለፍ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ መዝግቦ መያዝ ነው።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባብያን፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዛበት ሰነድ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ አራት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚናገረው በየትኛው ቋንቋ ነው? ቋንቋውስ ለሁሉ ግልጽ የሆነ ነው ወይስ ለአንድ ሻጭ ብቻ የታወቀ? ሁለተኛ፣ የመዝገቡ ዝርዝር ከነመለኪያው ተጽፎ ከመሣሪያው ጋር ይረከባልን? ሦስተኛ፣ የአዛዡ ድምፅ ቢጠፋ ታዛዡ ምን ያደርጋል? ያስ በርክክቡ ቀን ሽቦው ተነቅሎ ይፈተናልን? አራተኛ፣ ከአዛዡ በቀር በዚህ መስመር ላይ ሊናገር የሚችል ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ለማግኘት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ መልሱ በጽሑፍ ሳይሰጥ አለመፈረም ብቻ ይበቃል።

መሣሪያ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ የታዘዘውንም ይፈጽማል። የጠራው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ግን በአሮጌው ደንብ አልተሰጠውም። ይህን ጥያቄ ስለ እርሱ የሚጠይቀው መሣሪያውን የሚገዛው፣ የሚረከበውና የሚጠብቀው ሰው ነው።